ለሰፌዱ የሰፋሁት ልብስ

የመውጫ ትዕዛዙ የደረሰን በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሽንፋ ዳር በሰፈርንበት ቦታ ነው። ሃያ ስድስት ነበርን። መቶ አለቃ ታደለ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈውና «የባምባውን ጉብታ እንይዛለን፤ ዝናብ እስኪጥል» አለን። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስድስት ሰዓት ላይ ጉብታው ሥር ደረስን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሽግ መቆፈር ጀመርን።

እኔ የጋንታው ንብረት ያዥ ነበርኩ። ማዕረጌ ምክትል አስር አለቃ፣ ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ኮኪት ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ትቻት ነው የወጣሁት። ልጅ ትቶ የወጣ ሰው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ያያል። ጥይት ስረከብ ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። የጀሪካን ክዳን ከጠበቀ በኋላ መልሼ አጠብቃለሁ። ወታደሮቹ ይስቁብኝ ነበር። ብዙዎቹ በዕድሜ ስለሚያንሱኝ «እታለም» ነበር የሚሉኝ፤ መቶ አለቃውም እንደዚያው።

ከማን ጋር እንደተዋጋን፣ ለምን እንደተዋጋን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የምጽፈው ስለ ውሃ፣ ስለ አንዲት ድሮን እና በእጄ ስለሰፋሁት ጨርቅ ነው። የዛሬ ልጆች ጦርነትን በስልክ፣ ከላይ ሆነው ያያሉ። ከታች ያለው ሰው ጉንዳን ይመስላቸዋል። ከታች ምን እንደነበረ ይወቁት።

ጉብታው አናቱ ላይ አንድ የባምባ ዛፍ አለ፤ ስምንት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ግንዱን አያቅፈውም። ከዚያ ሌላ ድንጋይና እሾህ ነው። ውሃ የለም። የሽንፋ ወንዝ በመጋቢት ይደርቅና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። እኛ የምንቀዳበት ኩሬ በእግር አርባ ደቂቃ ይርቃል። መንገዱ ግራ ቀኙ ገደል በሆነ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ነው። ፈፋው ሁለት ቦታ ይታጠፋል። አድፍጦ የሚጠብቅ ጠላት ካለ ከሁለተኛው መታጠፊያ ወዲያ ነው የሚሆነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አስር አለቃ ሰይድ ድሮኗን ያስነሳል። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ከመካከላችን ድሮን ማብረር የሚችል እሱ ብቻ ነበር። ድሮኗ ፈፋውን እስከ ኩሬው ድረስ አይታ ትመለሳለች። ሰይድ «ታይቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ሰው ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። እነዚህን ዘጠኝ የሚመራው ይርጋ ነበር። ይርጋ ጎጃሜ ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በዚያው የቀረ፣ በኋላም ወታደር የሆነ። ሙሉ የምትባለው ሚስቱ ሽንፋ ከተማ ትኖራለች። ድሮኗ ሳታይለት ወርዶ አያውቅም። «እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ መሪዬ እሷ ናት» ይል ነበር።

ችግራችን የድሮኗ ባትሪ ነበር። ሜዳ የሆነውና ሰማዩ የተገለጠው ባምባው አጠገብ ብቻ ስለሆነ የምታርፈው እዚያ ነው። ባትሪ ለመቀየር ሰው መውጣት አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ከወዲያኛው ኮረብታ ይታያል። በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባትሪ ሊቀይር የወጣ ወታደር ደረቱን ተመታ። አንድ ጥይት ነበር። ባትሪው ከእጁ አልወደቀም። የመጀመሪያው ሟቻችን እሱ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ አንድ ባለሙያ አዲስ ድሮንና አንድ ሰሌዳ ይዞልን መጣ። ሰሌዳው ክብ፣ ነጭ፣ ስፋቱ የሰፌድ ያህል ነው። መካከሉ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ተስለውበታል፤ ድሮኗ ቦታዋን የምታውቀው በነሱ ነው። ወዲያው «ሰፌዱ» አልነው።

«ድሮኗ የሽቦ መሰኪያ የላትም፤ አቧራ እንዳይገባ ድፍን ናት» አለ ባለሙያው። «እላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ያለ ሽቦ በራሷ ትሞላለች። ከእንግዲህ ሰው መውጣት የለበትም።»

ይርጋ ቁጢጥ ብሎ አየው። «እንደ ዶሮ በለኛ! ስትለቅም ውላ መጥታ ትታቀፋለች።»

«እንቁላል ግን አትጥልም» አለ ባለሙያው።

«እሱስ ይቅር። እንቁላል የሚጥሉብን ወዲያ ማዶ አሉ።»

ሳቅን። ሰው ከሞተብን ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

ሲደነግዝ ሰፌዱን ባምባው አጠገብ አስቀመጡት። ሶላሩና የኃይል ሳጥኑ ከቁልቁለቱ ጀርባ ተተከሉ፤ ከሳጥኑ ወደ ሰፌዱ የሚሄደው ሽቦ ተቀበረ። ባለሙያው ጠዋት ሲሄድ ለሰይድና ለእኔ እንዲህ አለን፦ «አቧራውን ጥረጉለት። ጨርቅ ወይም ላስቲክ ቢሸፍነው ግድ የለም፣ ኃይሉ ያልፋል። ጠርዙ ላይ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች እየሞላ ነው፤ ቀይ ከሆነች የከለከለው ነገር አለ።»

አንዲት ትንሽ መጽሐፍም ሰጠን። በእንግሊዝኛ የተጻፈች ናት። ሥዕል ነበረባት። አንደኛው ሥዕል ላይ ቁልፍና ሳንቲም ተስሎ በቀይ ተሰርዟል።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለ ሰይድ።

«ንብረታችሁን ጥላችሁ ብትሄዱ አንጠየቅም ማለት ነው» አለ ይርጋ። «አውቶቡስ ላይ እንደሚለጠፈው።»

ሁላችንም ተቀበልነው። እኔም ተቀበልኩ። እዚያ ጉብታ ላይ ቁልፍም ሳንቲምም የያዘ ሰው አልነበረም። መጽሐፏን ንብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥሩ ነበሩ። ድሮኗ ሄደች፣ መጣች፣ ሞላች። ግን ሰፌዱ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከማዶ ተኮሱበት። አንዱ ጥይት የባምባውን ልጥ ላጠው። ማምሻ ላይ ደግሞ መብራቷን አይተው ተኮሱ። መቶ አለቃ ታደለ ጠራኝ።

«እታለም፣ ልብስ ስፊለት። መሬት የሚመስል ልብስ። መብራቷም አትታይ።»

ይህ የእኔ ሥራ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት፤ አልደብቅም። አሮጌ የድንኳን ሸራ ቀደድኩ። ሰፌዱን በስንዝር ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። አራት ማዕዘኖቹን በክር ለክቼ ከጥቁር ጃንጥላ ቆርጬ ሸራው ላይ ለጠፍኳቸው። ደረቴ ከመሬት ሳይላቀቅ ወጥቼ አለበስኩት።

ድሮኗ በማግስቱ ስትመለስ ሁላችንም አንጋጠን ጠበቅን። ዞረች። ቆመች። ዝቅ አለች። ልብሱ ላይ ተቀመጠች።

«አወቀችው! ወላሂ አወቀችው!» ብሎ ጮኸ ሰይድ።

«እታለም፣ የመንግሥት ድሮን አታለልሽ፤ ትጠየቂበታለሽ» አለኝ ይርጋ።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ስታርፍ የራሷ ነፋስ የልብሱን ጫፍ ያነሳዋል። ጫፉ የሚሽከረከረው ክንፏ ውስጥ ቢገባ ይሰብራታል። ድንጋይ እንዳላደርግበት እግሯ ይሰናከላል። ይርጋ ሐሳቤን አይቶ «ምን ልሁንልሽ?» አለኝ።

«ጠርዙ ውስጥ የምሰፋው፣ ጠፍጣፋ የሆነ ከባድ ነገር።»

ወደ ኩሬው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ባለቤቱ የሸሸው የሰሊጥ እርሻ ነበር። እርሻው ላይ አንድ ትራክተር ከነማረሻው ተበላሽቶ ቆሟል። ይርጋ በማግስቱ ከውሃ ሲመለስ ኪሱ ሙሉ ሮንደላ አመጣልኝ፤ ብሎን ሥር የምትገባዋ ቀዳዳ ብረት። «ወርቅ ነው፤ ለልጅሽ የአንገት ታደርጊላታለሽ» አለኝ። አስራ ሁለቱን ጠርዙ ላይ ሰፋሁ። ከሰፌዱ ወጣ ብለው መሬት ላይ ስለሚያርፉ ምንም አላመጡም። ልብሱ ተኛ። ድሮኗም መሙላቷን ቀጠለች።

ከዚያ ሀቡብ መጣ። ሀቡብ ቆላ ላይ ከሱዳን በኩል የሚነሳው የአቧራ ግድግዳ ነው፤ ሲመጣ ቀኑ ይጨልማል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሲያልፍ ሲደነግዝ ወጣሁ። ልብሱ መካከሉ ተነፍቶ፣ ሥሩ አቧራ ሞልቶ ነበር። ሰፌዱን ጠረግሁ። ልብሱን ይዤ ወረድኩና ዳግመኛ እንዳይነፋ መካከሉንም አከበድኩት። ጥቁሮቹ አራት ማዕዘኖች ሥር፣ እንዳይታይ አድርጌ፣ አስራ ዘጠኝ ሮንደላ ሰፋሁ። ክሩን ድርብ አደረግሁ። መልሼም አለበስኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ድሮኗ መሙላት አቃታት። አንዳንዴ ጥቂት ትቀበላለች፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውልና እንደነበረች ትነሳለች። ሰይድ ሳጥኑን አየ፤ ሳጥኑ ሙሉ ነው። «አቧራው ገብቶበት ነው» አለ አንዱ። «ሙቀቱ ነው፤ ሰው የደከመው አገር ዕቃ ቢደክመው ምን ይገርማል» አለ ይርጋ። ሁሉም ከሀቡቡ ጋር አገናኘው፤ በዚያው ቀን የተጀመረ ነገር ነውና። እኔም አገናኘሁት። አቧራ ነው ብዬ ማታ ማታ ወጥቼ እጠርግ ነበር። ስጠርግ ልብሱ እንዳይነፋ ስፌቱን በጣቴ እየዳበስኩ አረጋግጣለሁ። መብራቷን ማንም አላየም። ልብሱ ሥር ናት፤ እንዳትታይ የሰፋሁትም እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድሮኗ ጨርሶ አልተነሳችም። መቶ አለቃው የውሃውን ጉዞ ሰረዘው። የቀረውን ውሃ በጀሪካን ክዳን አደልኩ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ክዳን። ሙቀቱ ድንጋዩን የሚያስነካ አልነበረም። ማታ ላይ አንድ ክዳን ጨመርኩላቸው። አለቀ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ሰይድ ዙሪያ ነበርን። ከንፈራችን ተሰነጣጥቋል። ሲናገሩ ምላስ ላንቃ ላይ ይጣበቃል።

«ሌሊቱን የሞላችው አርባ በመቶ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሰይድ። «ኩሬው ደርሳ አትመለስም።»

«እስከየት ትደርሳለች?»

«እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ። ከዚያ ወዲያ አላይም።»

መቶ አለቃ ታደለ አንድ በአንድ አየን። ገና ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነበር። «አስነሳት» አለ።

ተነሳች። ደረሰች። ተመለሰች። «እስከ መታጠፊያው ሰው የለም» አለ ሰይድ። እንዲህ ብሎ ነው የተናገረው፤ ከዚህ የበለጠም ያነሰም አላለም።

ይርጋ ጀሪካኖቹን በገመድ አስሮ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር። «ታይቷል?» ሲል ጠየቀ።

መቶ አለቃው «ታይቷል» አለው።

ሰይድ አንገቱን ደፋ። እኔም ሰምቻለሁ፤ አፌን ከፍቼ ምንም አልተናገርኩም። ጠምቶኝ ነበር።

ዘጠኙ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወረዱ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተኩስ ሰማን። ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር። ሁለት መትረየስ። የእኛ ሰዎች ክላሽ መለሰ። ከዚያ አንደኛው መትረየስ ብቻ ቀጠለ። ከላይ ሆነን የሚታየን የፈፋው ጠርዝና አቧራ ነው። የቱ የእኛ፣ የቱ የነሱ እንደሆነ ስላልለየን መተኮስ አልቻልንም። ሰይድ መቆጣጠሪያውን ይጫናል። ድሮኗ ልብሱ ላይ ተቀምጣለች። አልተነሳችም። «ተነሽ፣ ተነሽ በአላህ» ይላታል፣ እንደ ሰው።

አስር ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ጸጥ አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሰዎች እየተጎተቱ ወጡ። አንደኛው ሆዱ ላይ ተመትቶ ነበር። ውሃ ለመነን። አልነበረንም። ሦስት ሰዓት ላይ ሞተ።

ይርጋ ከታች ቀረ። ሌሎች አራትም ከሱ ጋር።

ሰይድ ማንንም ሳያስፈቅድ በጠራራ ፀሐይ በሆዱ እየተሳበ ወደ ባምባው ወጣ። ሲመለስ ልብሱን ጠቅልሎ ይዞት ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ልብሱን ስገፍፈው መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች። ሳለብሰው ቀይ ትሆናለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ውስጡ ምን አለ?»

«ሮንደላ።»

«ብረት?»

«ብረት።»

አልጮኸብኝም። ንብረት ሳጥኑን ከፍቶ መጽሐፏን አወጣ። ቁልፉና ሳንቲሙ የተሰረዙበትን ገጽ ገልጦ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። «ብረት ማለቱ ነበር» አለ።

ወደ መቶ አለቃው ሄድኩ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅጡኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ልብስ ስፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «ታይቷል ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ብቀጣሽ ምን ይመለሳል? ብረቱን አውጪና ልብሱን መልሽ። ለነገ ጠዋት ያስፈልገናል።»

ተቀምጬ ስፌቱን ፈታሁ። ክሩን ድርብ አድርጌው ስለነበር በቀላሉ አልወጣልኝም። የመካከሉን አስራ ዘጠኙንም፣ የጠርዙን አስራ ሁለቱንም አወጣሁ። ልብሱን በእሾህ ወደ መሬት ሰካነው። ያን ቀን ማንም ውሃ አልጠጣም። የባምባውን ልጥ እናኝክ ነበር።

በማግስቱ ድሮኗ ሙሉ ነበረች። መቶ በመቶ። ፈፋውን እስከ ኩሬው ድረስ አየችው። ጠላት ለቆ ሄዷል። ሰይድ ምስሉን ከእኔ ዞር አደረገው፤ አምስቱ ከመታጠፊያው ወዲያ እንደወደቁ ነበሩ። ግን አይቻለሁ። ከላይ ሲታዩ የተኙ ይመስሉ ነበር። ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ሰዎች ናቸው አስከሬኑንም ያመጡት፤ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጉዞ። ከባምባው በታች ባለው ለስላሳ አፈር ቀበርናቸው።

ጉብታውን ከዚያ በኋላ አስራ ዘጠኝ ቀን ያዝን። ሰፌዱ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም። በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ሰው በከባድ መሣሪያ አጣን፤ አንዱ መቶ አለቃ ታደለ ነው። ሰይድ በሬዲዮ ትዕዛዝ ተቀበለ፤ «ልቀቁ» የሚል። ዝናቡ ገና አልጣለም ነበር። እኛ ከለቀቅን በኋላም ጉብታውን የያዘው የለም ሲሉ ሰማሁ። የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ሃያ ስድስት ወጣን፤ አስራ ሰባት ወረድን። አንዱ ባትሪ ይዞ ሞተ። አምስቱ ፈፋ ውስጥ ሞቱ። አንዱ እኛ ዘንድ ደርሶ ሞተ። ሁለቱ በመጨረሻ። ሰው ሲሞት ጀግና ነበር ይባላል። እነሱም ጀግኖች ነበሩ። ግን ስድስቱ የሞቱት መንገዱ ታይቷል ብለው አምነው ነው፤ መንገዱ ያልታየው ደግሞ እኔ ስለተጠነቀቅሁ ነው። ሰይድ «አላወቅሽም» ይለኛል፤ እውነት ነው፣ አላወቅሁም። አለማወቄ ግን ማንንም አላስነሳልኝም። ዛሬ ኮኪት ከልጄ ጋር እኖራለሁ። በር ስዘጋ አሁንም ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ጥንቃቄ ሰው ያድናል ብዬ ግን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ይዤው የሄድኩት ሽንፋ፣ ወደ ይርጋ ሚስት ወደ ሙሉ ነው። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። ስለ ሮንደላው ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ፤ «ቀጥይ እንጅ» አለችኝ። ጨረስኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንች፣ እንደው አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «የተመቱት ሲመለሱ ነው ሲወርዱ? ውሃውን ጠጥቶት ነበር?»

ጠጥቶ ነበር ልላት ፈለግሁ።

«ሲወርዱ ነው» አልኳት። «ጀሪካኖቹ ባዶ ነበሩ።»

«እሱንም ጻፊው» አለችኝ።

ጻፍኩት።